አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር

ሰማይን ማየት ሥራ ነው ሲባል የማይስቅ ሰው ጥቂት ነው። «ደመወዝ የሚከፈልሽ ሰማይ ለማየት ነው? እኔማ ስንት ዓመት በነፃ አየሁት!» ይሏታል ጎረቤቶቿ። እሷም «እናንተ የምታዩት ልብስ ለማስጣት ነው፤ እኔ የማየው ለመፈረም ነው» ብላ ትመልሳለች። ቀልድ ይምሰል እንጂ የሥራዋ ልክ ይኸው ነበር። በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በመንገደኞች አዳራሽ ጣሪያ ላይ እንደ ባርኔጣ በተቀመጠች ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየግማሽ ሰዓቱ አየሩን አይታ፣ ያየችውን በመዝገብ ጽፋ፣ ከሥሩ ፈርማለች።

የአየር ጠባይ ተመልካች ናት። ባልደረቦቿ ግን በማዕረጓ ጠርተዋት አያውቁም፤ «ዓይናማዋ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት ገና በሥራው ሁለተኛ ዓመቷ፣ ከማኮብኮቢያው ማዶ የቆመ የጥበቃ ሰው ኮቱን ገልብጦ መልበሱን ከበረንዳዋ ላይ ሆና አይታ በስልክ ያሳፈረችው ዕለት ነው።

የአሠራሩ ዘዴ ቀላል ነው። ከክፍሏ በር ውጭ ጠባብ በረንዳ አለ። እዚያ ቆሞ ለሚያይ ሰው፣ ርቀታቸው አስቀድሞ በሜትር የተለካ ነገሮች በተርታ ይታያሉ፤ የአጥሩ ጥግ አራት መቶ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ስምንት መቶ፣ የጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ጉብታው ሦስት ሺህ። ዓይን እስከ የትኛው ድረስ ደረሰ? የዕለቱ እይታ ያ ነው። ከሁሉም የሚከበረው ጭስ ማውጫው ነበር፤ እሱ ከታየ አውሮፕላን ያርፋል፣ ካልታየ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ማረፊያው ይህን የሚለካ መሣሪያ የለውም። የመቆጣጠሪያው ማማም ከፍ ብሎ በመሠራቱ በክፉ ቀን እሱ ራሱ ጉም ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ በዝናብ ወራት ከሰማይ የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ ከምድር የሚቀበለው የእሷ ዓይን ነበር። አብራሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። «ማነው ዛሬ አየሩ ላይ?» ብለው ማማውን በሬዲዮ ይጠይቃሉ፤ «ዓይናማዋ ናት» ሲባሉ «እንግዲያው ሻይ ጣዱልን፣ መጣን» የሚሉም አሉ። ይህን ሲነግሯት «አሁንስ አበዛችሁት» ትላለች። ደስታዋን ግን መደበቅ አይሆንላትም።

አውሮፕላኑ የወደቀበት ዕለት ዝናቡና ነፋሱ ተማክረው የመጡ ይመስሉ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በረንዳው ላይ ወጥታ ጭስ ማውጫውን አየች፤ ደብዝዞም ቢሆን ነበረ። ስትመለስ ግን ከጉልበቷ በታች ውሃ ያልነካው አልነበረም። ጫማዋን አውልቃ ማሞቂያው ፊት አስደገፈችው፤ ካልሲዋንም ጨምቃ መልሳ አጠለቀችው።

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ። የዕለቱ የበረራ ተቆጣጣሪ ከማማው ነበር።

«እህቴ፣ አርባ ስድስት ሰው ይዞ እየመጣ ነው። እኔ እዚህ ሆኜ የራሴ አፍንጫም አይታየኝም። ጭስ ማውጫው አለ?»

«ቆየኝ» አለችው።

በሩን ተመለከተች፤ ነፋሱ ከውጭ እየገፋ ያንገጫግጨዋል። ጫማዋን ተመለከተች፤ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ሳትርቅ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ መስታወቱ ላይ የረጋውን እንፋሎት በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ውጭ አየች። በግራጫው መሐል ቀጭን፣ ጠቆር ያለ፣ ቀጥ ያለ ነገር ቆሟል። ቦታውም ቁመቱም የጭስ ማውጫው ነው።

«አለ።»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ልበለው?»

«በለው።»

ጻፈች፤ ፈረመች።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ተሰማት። ሃያ ስምንት ዓመት የኖረችበት ድምፅ ነውና ከየት በኩል፣ ምን ያህል ከፍ ብሎ መምጣት እንዳለበት ጆሮዋ ያውቀዋል። ይህኛው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ጎን አዘንብሎ መጣ። ቀጥሎ ከባድ ሣንዱቅ ከጭነት መኪና ላይ ሲወድቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ብቻ። ያለ ጫማዋ ወደ በረንዳው ሮጠች። የአጥሩ ጥግ እንኳ አይታይም ነበር። የእሳት አደጋ መኪናው ሲጮህ ሰማች እንጂ በየት በኩል እንደሄደ ዓይናማዋ አላየችም።

አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ሳይደርስ፣ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቀድሞ ሜዳ ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከአርባ ስድስቱ ሠላሳ አንዱ ሞቱ። ካፒቴኑም ረዳት አብራሪውም ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው።

አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮው «አብራሪው መሬት ሳይታየው ከተፈቀደለት ከፍታ በታች መውረዱ ተረጋግጧል» አለ። ይህ ውሸት አልነበረም። አንድ አብራሪ በተወሰነ ከፍታ ላይ ደርሶ የማኮብኮቢያው መብራት ካልታየው አፍንጫውን ወደ ላይ አቅንቶ መመለስ አለበት፤ ደንብ ነው። እሱ አልተመለሰም። ሰው ደግሞ ሐዘን ሲበዛበት የሚሸከምለት አንድ ትከሻ ይፈልጋልና፣ ከተማው በሙሉ የሠላሳውን ሬሳ በሠላሳ አንደኛው ላይ ጫነው። ዓይናማዋም «ጉም እንደሆነ በአሥር ደቂቃ ይወርዳል» እያለች ራሷን አጽናናች። ይህም ውሸት አልነበረም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ባሎቻቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ እንደ ልጅነታቸው ሁለት ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር ቀርተዋል።

«እትዬ፣ ሬዲዮውን ዝጊው።»

«ልዝጋልሽ። ግን አንቺ ምን ሆነሻል? ሦስት ቀን ሙሉ እንደ እርጥብ እንጨት ትጨሻለሽ እንጂ አትነጂም።»

«አንድ ሺህ አምስት መቶ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አይተሽ ነዋ!»

«አይቼ ነው።»

«ታዲያስ? እኔ ሰው ሲመጣ እንጂ ሲሄድ አዋልጄ አላውቅም፤ ያንቺም ሥራ ከኔ ብዙ አይርቅም። በደህና ና ብለሽ ጠራሽው፤ መሬቱን አይቶ መርገጥ የሱ ፋንታ ነው። በይ አሁን ብዪ፣ ይህ ሾርባ ከቀዘቀዘ እኔን ነው የሚመስለው።»

ዓይናማዋ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ማንኪያዋን መልሳ አስቀመጠች።

በስድስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ለኮሚሽኑ ቃሉን ሰጥቶ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተገናኙ። ጣቶቹ መሐል ያልተለኮሰ ሲጋራ ይዟል።

«ጥቁር ሳጥኑን አሰሙኝ» አላት። «አንቺን እንኳ አይነኩሽም። እንዲያውም ስምሽ በክብር ነው የተነሣው።»

«ስሜ? ምን ተብሎ?»

«መጀመሪያ ካፒቴኑ እኔን ‹ማነው አየሩ ላይ?› አለኝ። ‹ዓይናማዋ› አልኩት፤ ይሄ የሁልጊዜ ነው። በኋላ ዝቅ እያሉ ሲመጡ ረዳቱ ‹ምንም አይታየኝም፣ እንመለስ› ይለዋል።»

«እሱስ?»

«‹ዓይናማዋ አይታዋለች። ትንሽ ታገሥ፣ ይመጣል› አለው።» ተቆጣጣሪው ሳያውቀው ሲጋራውን ለሁለት ሰበረው። «ከዚያ በኋላ ቃል የለም። እንግዲህ የሰውየውን ድፍረት እይልኝ! አንቺ ያየሽውን ተናገርሽ፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?»

ተቆጣጣሪው ወርዶ ሄደ። እሷ ግን እግሯ ከደረጃው ጋር የተሰፋ መሰላት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከተማዋ በጉም ተጠቅልላ ነቃች። ዝናብም ነፋስም አልነበረም። ዓይናማዋ ሥራ ገብታ ካፖርቷን ሰቀለች፤ መዝገቡን ከፈተች፤ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞር አለች። ጭስ ማውጫው አለ። «እሰይ» አለች በሆዷ። ከአደጋው ወዲህ ግን አንድም ጊዜ ሳትወጣ ጽፋ አታውቅምና በሩን ከፍታ ወጣች።

በረንዳው ላይ ነጭ ብቻ ነበር። ጭስ ማውጫ የለም፣ የውሃ ማጠራቀሚያ የለም፣ የአጥር ጥግ የለም። ጉሙ ድንገት ሸፈነው ብላ ተመልሳ ገባች። በመስኮቱ አየች፤ ጭስ ማውጫው አለ። ወጣች፤ የለም። ገባች፤ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትገባ ከመስኮቱ ፊት ቆመች። ጠረጴዛውን ተደግፋ ጣቷን ወደ ጭስ ማውጫው ዘረጋች። ጣቷ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር አልሄደም። መስታወቱ ላይ ቆመ፤ ሻከር አላት።

ቀለም ነው። ራሷ የቀባችው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት አዲስ ሠራተኛ ጭስ ማውጫውን ከአጠገቡ ካለው የስልክ ምሰሶ ጋር እያምታታች ብታስቸግራት፣ ከአጥሩ በተረፈ ቀለም ውስጥ የክብሪት እንጨት ነክራ፣ ከጠረጴዛው ለሚያይ ሰው ልክ ጭስ ማውጫው ላይ የምታርፍ፣ ከጥፍር የማትበልጥ መስመር መስታወቱ ላይ አሰመረች። «ይኸውልሽ፣ ከዚህች ኋላ ፈልጊው» አለቻት። ሠራተኛዋ ለመደች፤ መስመሯም ተረሳች። በጠራ ቀን መስመሯና ጭስ ማውጫው አንድ ላይ ስለሚሆኑ መኖሯን ልብ የሚል የለም። በጉም ቀን ደግሞ ዓይናማዋ በረንዳው ላይ ናት እንጂ መስኮቱ ላይ አይደለችም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ከዛሬ በፊት፣ ጉሙ፣ መስመሯና እሷ ሦስቱም የተገናኙት አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ካልሲዋ የረጠበ ጠዋት።

አለቃዋን ጠራችው። ወፍራም፣ ደግ፣ ክርክር የማይወድ ሰው ነው፤ ለሁሉም ነገር «ይሁና» ስለሚል «አቶ ይሁና» ይሉታል። የነገረችውን ሰምቶ ራሱ ሁለት ጊዜ ገባ፣ ሁለት ጊዜ ወጣ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለ።

«ማን ያውቃል?»

«አንተና እኔ።»

«እንግዲያው ማንም አያውቅም።» ከመጀመሪያ ርዳታ ሳጥኑ ጥጥ አወጣ፣ አልኮል አርከፈከፈበት፣ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። «ስሚኝ እህት ዓለም። ከነገ ወዲያ ኮሚሽኑ ይጠራሻል። ‹አየሁ› ትያለሽ፤ አይተሻልም፣ ውሸት የለበትም። ሰውየው ከልኩ በታች ወርዷል ተብሏል፤ እሱም ውሸት የለበትም። ሁለት እውነት አለሽ። ሦስተኛው ምን ያደርግልሻል?»

«ሦስተኛው ነው እኮ የፈጃቸው።»

«የፈጃቸውማ ጉሙ ነው!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አንቺ ብቻ መሰልሽ የምትወድቂው? ከእንግዲህ የትኛው አብራሪ ነው የዚህን ቤት ቃል የሚያምን? ሃያ ስምንት ዓመት ያሳረፍሻቸው ሰዎች ሁሉ ‹ለመሆኑ ያኔ ምን አይታ ነው ያሳረፈችን?› ይላሉ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል አልሰማህም?»

«የንጋቱን ነገርማ ለኛ ተዪው። ሳይጠራ የመሸ ስንት ቀን ፈርመን አሳልፈናል!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ቀልድ ሁለቱም ይስቁ ነበር። አቶ ይሁና ተነሥቶ ወጣ፤ ጥጡ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አንሥታ ወደ መስታወቱ አስጠጋችው። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫዋን ቆጠቆጣት። አንድ ጊዜ ማበስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጭስ ማውጫውም፣ መስመሯም፣ ያ ጠዋትም የእሷ ቃል ብቻ ይሆናሉ። ካፒቴኑ ሠላሳ ሰው የገደለ ደፋር ሆኖ ይቀራል፤ እሷ ደግሞ ዓይናማዋ ሆና ትቀራለች። እጇ አየር ላይ እንደቆመ ጥጡ ደረቀ።

በማግሥቱ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ከእህቷ ጋር የታጠበ አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያጣጥፉ ነገረቻት። አንድም ሳታስቀር፤ ካልሲውን ጨምራ። እህቷ የያዘችውን ጫፍ ለቀቀችው።

«አንሶላውን ያዢ እንጂ እትዬ።»

«ተዪው ይውደቅ።»

«አንድ ነገር በዪኝ።»

«ተናገሪ አልልሽም። ዝም በዪም አልልሽም።»

«ምክር የሚተርፍሽ ሴትዮ ዛሬ ምን ሆንሽ?»

«ምክር ለሰው ነው። አንቺ እህቴ ነሽ።» አሮጊቷ አዋላጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቀልድ የለመደው ፊቷ ባዶውን ሲሆን ሌላ ሰው ትመስላለች። «እኔም አንድ ነገር አለችኝ። አንዲት እናት፣ አንድ ልጅ፣ የኔ እጅ። ይህ ከሆነ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈው። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ይከብዳል ብዬ አላስፈራራሽም። ይለመዳል። ክፉነቱ ይኸው ነው፣ ይለመዳል።»

ዓይናማዋ ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም። አንሶላውን አንሥተው አጣጠፉት።

ኮሚሽኑ የሚሰበሰበው በታችኛው ፎቅ፣ ከሻንጣ መረከቢያው ጎን ባለው አዳራሽ ነበር። ቃሏን በምትሰጥበት ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ከደረጃው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የተተኮሰ አሮጌ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የካፒቴኑ አባት ናቸው። ኮሚሽኑ ከተሰበሰበ ጀምሮ በየዕለቱ እዚያ እንደሚውሉ ጥበቃዎቹ ነግረዋታል፤ እሷም በየዕለቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታልፋቸው ሰንብታለች። ዛሬ ግን ሲያዩዋት ተነሡ።

«ልጄ፣ እዚህ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ አባቴ።»

«እዚያ ላይ የምትቀመጠውን ሴት ታውቂያታለሽ? ዓይናማዋ የሚሏትን?»

«ምን ፈልገው ነው?»

«ልለምናት ነው። ልጄ ስለሷ ይነግረኝ ነበር፤ ‹አባዬ፣ እሷ ካለች ልቤ አይፈራም› ይለኛል። ዛሬ ቃሏን ትሰጣለች አሉኝ። እኔ አናጢ ነኝ፣ የአየር ነገር አይገባኝም። ግን ሳይለካ የሚቆርጥ ልጅ አላሳደግሁም። ምናልባት የምታውቅለት ነገር ካለ፣ አንድ ቃል እንኳ ቢሆን፣ እንድትልለት ነው።»

የዝናብ ወራት ነውና ያን ቀንም ጉሙ እስከ መስኮቱ ወርዶ ነበር። ዓይናማዋ የሽማግሌውን ፊት ማየት አቅቷት መስኮቱን አየች።

«ይምጡ አባቴ። ይከተሉኝ።»

ደረጃው ብዙ ነው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ክንዳቸውን ልትይዝ ብትል «ተዪኝ፣ እደርሳለሁ» አሏት። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ከጠረጴዛው ፊት አቆመቻቸው።

«በመስኮቱ ይመልከቱ። ምን ይታይዎታል?»

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የጣውላን ቀጥ ማለት የሚመረምር አናጢ እንደሚያደርገው። «ምሰሶ ነገር ነው። ቀጭን። ሩቅ ነው።»

«አሁን ወደዚህ።» በሩን ከፈተችላቸው።

በረንዳው ላይ ረጅም ጊዜ ቆሙ። ሲመለሱ ምንም አልጠየቋትም። በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሄደው አውራ ጣታቸውን መስመሯ ላይ አሳረፉ፤ በጥፍራቸው ዳር ነካ ነካ አደረጓት።

«ይህን የቀባው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያን ዕለት ያየሽው ይህን ነው?»

«ይህን ነው። በሩን ሳልከፍት። እግሬ ርሶ ነበር... ዓይናማዋ እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

ሽማግሌው በእጃቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ጩኸት ጠበቀች፤ እርግማንም ጠበቀች፤ ቢረግሟት እንኳ ትንሽ በቀለላት ነበር። እሳቸው ግን ጥፍራቸው ሥር የገባችውን የቀለም ፍቅፋቂ እያዩ ቆዩ።

«ለእኔ ለምን ነገርሽኝ?» አሉ በመጨረሻ።

«መጀመሪያ ማወቅ የሚገባዎ እርስዎ ነዎት ብዬ።»

«እኔ ልጄን ድሮም አውቀዋለሁ። አሁን ያስታወቅሽኝ ራስሽን ነው።»

«አባቴ፣ ይቅር ይ...»

«አትጨርሺው። ይቅርታ ዛሬ የለኝም። ነገ ይኖረኛል ብዬም አልዋሽሽም። ተነሺ፣ ውረጂና ለነዚያ ንገሪያቸው።»

ወረደች። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ «ይቀመጡ» ሲሏት አልተቀመጠችም። «መጀመሪያ ወጥታችሁ የምታዩት ነገር አለ» አለች። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ፤ ከመስኮቱ ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ መስኮቱ። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ጸሐፊው መስመሯን ለካ፣ ፎቶ አነሣ፣ ጻፈ። አቶ ይሁና ደፉ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል፤ ያን ቀን «ይሁና» አላለም።

«ይህ በሪፖርቱ ውስጥ ይካተታል» አሉ ሰብሳቢው።

«ሪፖርቱ መቼ ይወጣል?» የሚል የሴት ድምፅ ከደረጃው ላይ መጣ።

ሁሉም ዞሩ። የካፒቴኑ ሚስት ናት፤ ሽማግሌው አማቷ ውጭ ከቆመው መኪና ጠርተዋት ከኋላዋ ቆመዋል። የዝናብ ካፖርቷን አላወለቀችም።

«በዓመቱ ነው፣ እመቤት። ምናልባት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።»

«ዓመት?» አለች ሴትዮዋ። «ልጆቼ ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ እኮ። ትልቁ ትናንት ሸሚዙን ተቀድዶ ነው የመጣው። ‹አባትህ ሠላሳ ሰው ጨረሰ› ብለውት።» ወደ ዓይናማዋ ዞረች። «ጻፊልኝ።»

«ኮሚሽኑ ይጽፈዋል...»

«ኮሚሽን የሚጽፈው ለኮሚሽን ነው። አንቺ ለልጅ ጻፊልኝ። የአሥር ዓመት ልጅ አንብቦ የሚገባውን።»

ሰብሳቢው «አሠራሩ ግን...» ብለው ጀመሩ። ሽማግሌው አናጢ ዞር ብለው አዩዋቸው፤ ሰብሳቢው ቃላቸውን ዋጡት።

ዓይናማዋ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ዕድሜዋን በሙሉ ቁጥር ጻፈች እንጂ ለሰው ልጅ የሚነበብ ዓረፍተ ነገር ጽፋ አታውቅም። «በዕለቱ የተመዘገበው የእይታ ርቀት» ብላ ጀመረች። ሴትዮዋ ከትከሻዋ በላይ አነበበችው።

«ይሄ አይገባውም።»

ሌላ ወረቀት ወሰደች። «ያን ቀን ከባድ ጉም ነበረ፤ ጉሙም...»

«ጉሙን ማን ጠየቀሽ? ስለራስሽ ጻፊ።»

ሦስተኛውን ወረቀት ስትጀምር እጇ ቀስ አለ።

«አባታችሁ ማረፍ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ወጥቶ ማየት የእኔ ሥራ ነበር። ወጥቼ ሳላይ አየሁ አልኩት። ያየሁት ጭስ ማውጫውን ሳይሆን ራሴ መስታወት ላይ የቀባሁትን ቀለም ነበር። አባታችሁ መመለስ ይችል ነበር፤ ያልተመለሰው ስላመነኝ ነው።»

ፈረመችበት። ሴትዮዋ ቆማ አነበበች። ከዚያ ደግማ አነበበች፤ ሁለተኛውን ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ማታ ልጆቿ ፊት የምታነብበትን ድምፅ እንደምትፈልግ ሁሉ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደህና ዋዪም አላለች፣ ክፉም አልተናገረች፤ ደረጃውን ወረደች።

የኮሚሽኑ ሰዎች አንድ በአንድ ተከተሏት። ሽማግሌው ግን በሩ ላይ ቆዩ።

«ረዳቱም ልጅ አለው» አሉ። «እንመለስ ያለው እሱ። ሴት ልጅ ናት።»

ዓይናማዋ ሌላ ወረቀት ሳበች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ቆመ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን ቃል እየፈለገች ረጅም ጊዜ ቆየች።